ማቆያ ላይ ያለ መርዶ

ሩሐማ ክፍል ስትገባ ተማሪዎቹ ቀድመው ተረጋግተው ነበር። ከሰሌዳው በላይ ያለው ግድግዳ ለስላሳ አረንጓዴ ለብሷል። ይህም ማለት የሁሉም ልጆች ልብ በልኩ ይመታል፣ ሁሉም ቁርሳቸውን በልተዋል፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ የለም ማለት ነው። እሷ ሥራ ስትጀምር መምህር ልጆቹን ዝም ለማሰኘት ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር። አሁን የሚደበደብም የሚደበድብም የለም። አንዳንዴ ያ ሁካታ ይናፍቃታል። ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም፤ ናፍቆትም የራሱ ቀለም አለውና።

«ደህና አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቲቸር!» አሉ በአንድ ድምፅ።

የምታስተምረው ትምህርት ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አንድ ሰሞን ግብረ ገብ ነበር፣ ከዚያ የሕይወት ክህሎት ተባለ፣ አሁን ደግሞ «ራስና ሌላው» ይሉታል። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ስብሰባ ተጠርቶ የታሸገ ውሃ ይታደላል። ይዘቱ ግን ያው ነው፤ ጥርስህን አጽዳ፣ ጓደኛሽን አትሚ፣ ሰውነትሽ የራስሽ ነው፣ ሲከፋህ ተናገር። የመጨረሻዋ እንኳ አሁን ትርፍ ሆናለች። ልጆቹ ሲከፋቸው እጃቸው ላይ ያለው አምባር ይናገርላቸዋል። አምባሩ የሚነግረውን ሁሉ የሚሰበስበው አለኝታ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። አለኝታ በየመምህሩ ጆሮ ውስጥ ባለች ማዳመጫ ምን ማለት እንደሚያሻ ያቀብላል። ስለዚህ መምህር መባሉ ቀርቶ በደብዳቤ «አጃቢ» ነው የሚባሉት። ልጆቹ ግን ቲቸር ማለቱን አልተዉም፣ ሩሐማም አልከለከለቻቸውም።

የዕለቱ ርዕስ «ሐዘንን መቀበል» ነበር። ሩሐማ ይህ ምዕራፍ ዘንድሮ ቢዘለል ምንኛ በወደደች! በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትርንጎ ተቀምጣለች። ትርንጎ የዚህ የደብረ ብርሃን አዳሪ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ አባቷ ናሆም ከሞተ አንድ ወር አልፎታል፣ ተቀብሯልም። ይህን ሩሐማ ታውቃለች። ትርንጎ አታውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት ከዘመድም ከጎረቤትም ቀድሞ የሚሰማው አለኝታ ነው። ልጁ ለመስማት ካልተዘጋጀ፣ ወይም ፈተና ከቀረበበት፣ ቤተሰብ ይጠየቅና መርዶው ማቆያ ይገባል። ከማቆያ እስኪወጣ ድረስ ሟቹ፣ አለኝታ በሠራለት ድምፅ፣ ማታ ማታ ይደውላል። እያንዳንዱ አጃቢ የሚነገረው በእሱ ሥር የተመደቡለትን ጥቂት ልጆች ጉዳይ ብቻ ነው፤ የሌላውን አያውቅም፣ አይጠይቅም። ትርንጎ በሩሐማ ሥር ናት።

«ሐዘን እንደ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል» አለች ሩሐማ፣ አለኝታ እንዳቀበላት። በሕይወቷ እንዲህ ያለ እንግዳ አይታ አታውቅም።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ደብሪቱ ናት። የአያትና የቅድመ አያት ስም ፋሽን ሆኖ ስለተመለሰ ሴቶቹ ልጆች ትርንጎ፣ ደብሪቱ፣ ማንያህልሻል ነው የሚባሉት። ኪሩቤልና ሶልያና የሚባሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

«ቲቸር፣ ድሮ መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው ሲሉ ሰምቼ፣ እውነት ነው?»

«ወደ ትንፋሽ ልምምዱ እንለፍ በያቸው» አለ አለኝታ በጆሮዋ፣ ረጋ ብሎ።

ሩሐማ ግን የትንፋሽ ልምምድ ሰልችቷታል። እነዚህን ልጆች ሲያስተነፍሱ መኖር መሯታል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እውነት ነው» አለች። «ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ተጠራርቶ ይሰባሰባል። ለብቻ ሄዶ መርዶ የሚነግር የለም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይሄዱና በር ያንኳኳሉ።»

«ለምን በዚያ ሰዓት?» አለ አንድ ልጅ ከኋላ።

«ሰውዬው የመጨረሻዋን ደህና እንቅልፉን ይተኛ ተብሎ። ደግሞም ከመንገድ እንዳይሰማው። ቀኑም ሙሉውን ለለቅሶ እንዲተርፈው።»

ልጆቹ ሳቁ። ቀኑን ሙሉ ማልቀስ የሚባል ነገር ለእነሱ ቀኑን ሙሉ በእጅ እንደ መሄድ ያለ ነው።

«ታዲያ ቲቸር፣» አለች ደብሪቱ፣ «ገና በር ሲከፈትላቸው አይታወቅባቸውም?»

«ይታወቃል እንጂ። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ለብሰው፣ ዝም ብለው የቆሙ ሰዎችን ያየ ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ አይጠይቅም። ማነው ብቻ ነው የሚለው።»

ግድግዳው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ፈዘዝ አለ። አለኝታ «ክፍሉ እየተረበሸ ነው» አላት። ልጆቹ ግን አልተረበሹም፤ ነቅተው ነበር፤ ልዩነቱን የሚያውቅላቸው አልነበረም እንጂ። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ተንጫጭተው ወጡ። ትርንጎ ቀረች።

ወደ ጠረጴዛው መጥታ አምባሯን በጣቷ እያዞረች ቆመች። ረዘም ያለች፣ ጨዋታ የማታውቅ፣ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«አባቴ አኩርፎኝ ይሆን?»

«ለምን ያኮርፍሻል?»

«አይቆጣኝም።» ልጅቷ በአነጋገሯ ራሷ አፈረች። «እሱ እኮ ሲደውል ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። አጠናሽ? ነው የሚለው። ካላጠናሁ ቤቱን በላዬ ላይ ያፈርሰዋል። ትንሽ ቆይቶ፣ በይ በይ ሥራ አለብኝ ይልና ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንደዚህ ነው። አሁን ግን አይዘጋም። እኔ እስክዘጋ ይጠብቀኛል።»

ናሆም ሠመራ አጠገብ ባለ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ሩሐማ አንድ ጊዜ ለወላጆች ቀን መጥቶ አይታዋለች፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ኮቱ የሰፋው ሰው። ልጁ ጎበዝ ናት ሲሉት «ጎበዝ ከሆነች ለምን ሁለተኛ ወጣች?» ብሎ ሁሉን አስቆ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

«ትናንት ዋሸሁት» አለች ትርንጎ። «የሒሳብ ሞዴል ፈተና ወደቅኩ አልኩት። አልወደቅኩም። እንዲቆጣኝ ብዬ ነው።»

«ምን አለሽ?»

«አይዞሽ፣ ዋናው ጤና ነው አለኝ።» ዓይኗ ውሃ ሞላ። «አባቴ፣ ቲቸር! በሕይወቱ ዋናው ጤና ነው ብሎ አያውቅም። ወይ አኩርፏል፣ ወይ ታሟል። አንድ ቀን ብቻ ፈቃድ ያሰጡኝ። ሄጄ አይቼው እመለሳለሁ። ካላየሁት ጥናትም አይገባኝም።»

አለኝታ በጆሮዋ «አባትሽ በጣም ይወድሻል፤ ሰው እየበሰለ ሲሄድ ይለዝባል በያት» አለ።

«አባትሽ በጣም ይወድሻል» አለች ሩሐማ። «ሰው እየበሰለ ሲሄድ ይለዝባል።»

«እሺ፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ። እሺታዋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ሩሐማ በራሷ አፈረች። ሌላውን ሁሉ ዓመት ሙሉ ብትዋሽ ይህን ያህል አታፍርም ነበር። ልጅን ስለ አባቷ መዋሸት ነውር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምዕራፍ አያስፈልገውም።

ዳይሬክተሩ ዮናታን የሩሐማ የድሮ ተማሪ ነው። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ እጁን የሚያወጣ፣ ሁልጊዜም ትክክል የሚመልስ ልጅ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው፤ እጅ ማውጣቱ ብቻ ቀርቶለታል። ስትገባ ተነስቶ ተቀበላት።

«ቲቸር፣ ይቀመጡ። ዛሬ ክፍልዎ ቢጫ ገብቶ ነበር አሉ።»

«የትርንጎን መርዶ ከማቆያ አውጡልኝ።»

ዮናታን ተቀመጠ። «ፈተናው እኮ ደርሷል።»

«የአባቷ አርባ ቅዳሜ ነው። ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ልጅ ነው ያለችው ሰውዬው። በአርባው ላይ ማን ሊቆምለት ነው?»

«አጎቷ አለ። የፈቀደውም እሱ ነው። ልጅቷ ትማርልኝ አለ፣ አለቀሰም። እኛ እኮ በግድ የምናደርገው ነገር የለም።» ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን፣ አሁን አዲስ ነገር አድርገው አያውሩብኝ። ድሮስ ፈተና ላይ ላለ ልጅ መርዶ ይነገር ነበር? ውጭ አገር ላለ ሰው ስንት ዓመት ይደበቅ ነበር? ይሄ የራሳችን ወግ ነው። አለኝታ ያመጣው አይደለም።»

እውነቱን ነው። ፈታኝ ልጅ ነበር፣ ድሮም።

«ይደበቅ ነበር» አለች ሩሐማ። «ነገር ግን ሟቹ ራሱ እየደወለ ደህና ነኝ አይልም ነበር።»

«ያ ለልጅቷ ተብሎ ነው።»

«ልጅቷ አባቷ እንዲቆጣት ትፈልጋለች።»

ዮናታን እንደ ማዘን አለ። «መቆጣት አይችልም። ማቆያ ውስጥ ያለ ድምፅ ልጅ ማስከፋት አይፈቀድለትም። ያንን እኛም ጠይቀን ነበር።»

ሩሐማ ሠላሳ ዓመት ልጅን «ሲከፋህ ተናገር» ስትል ኖራ፣ አሁን የምትናገረው ለማን ነው?

«ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል» አለች እየተነሳች። «ግን አልቀረም፣ ዮናታን።»

«ቲቸር፣» አላት በሩ ጋ ስትደርስ፣ «ቢነግሯት አምባሯ ወዲያው ያሳብቃል። ከዚያ እኔም ላድንዎ አልችልም። ከክፍል ያወጡዎታል።»

ከክፍል መውጣት ያን ያህል አላስፈራትም። ያስፈራት ሌላ ነው። ልጅቷን ኮሪደር ላይ ጠርታ «አባትሽ ሞቷል» ብትላትስ? ያ መርዶ አይደለም፤ ያ ሰውን ከፎቅ እንደ መገፍተር ነው። መርዶ ሰው ይፈልጋል፤ ወዲህ የሚደግፍ፣ ወዲያ የሚይዝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች።

እትዬ ሶልያና ከመጋቢዎቹ ሁሉ የቆዩት ናቸው። አሁን ምግብ የሚሠራው በማሽን ስለሆነ ሥራቸው ማሽኑን ማጠብና መሳደብ ነው። ከጎናቸው በረንዳው ላይ ጋሽ ኪሩቤል ተቀምጠዋል። ዘበኛ ናቸው፤ በሩ ግን ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው፤ እሳቸው የሚጠብቁት በሩ እንዳይበላሽ ነው። ሩሐማ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አውጥታ ኪሷ ከተተችና ጉዳዩን ነገረቻቸው።

እትዬ ሶልያና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ያቺ ረጅሟ? ዳቦዋን ለጓደኞቿ የምታካፍለው?»

«እሷ ናት።»

«ወይኔ ልጄን። በአባቷ አርባ ዳቦ እየበላች!» በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እና እኛ ምን እንሁን?»

«ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል አብራችሁኝ መኝታ ክፍል ትገባላችሁ። እንነግራታለን። ከዚያ በመጀመሪያው መኪና ወደ አገሯ ትሄዳለች፤ ለአርባው ትደርሳለች።»

ጋሽ ኪሩቤል ፂማቸውን አሻሹ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ብስክሌት ምግብ ለየቤቱ ያደርሱ ነበር፣ ለማንኛውም ነገር ምሳሌያቸው ከዚያ ነው። «ስንት ነገር አድርሻለሁ፣ እንዲህ ያለ የከበደ ግን ይዤ አላውቅም። ቢያውቁብንስ?»

«ያውቃሉ። እኔን ከክፍል ያወጡኛል። እርስዎን ከበር ያወጡዎታል።»

«ከበር ወዴት ነው የሚያወጡኝ? ያለሁት በር ላይ ነው!» አሉና ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጡት።

ከዚያ ያልጠበቁት ችግር መጣ። ማናቸውም እንዴት እንደሚደረግ በቅጡ አያውቁም። ለልጆቹ አፏን ሞልታ ያስተማረችው ሩሐማ እንኳ መርዶ ሲነገር ያየችው በልጅነቷ አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔም ከበር ኋላ ቆማ ነው። ማን ነው ቀድሞ የሚገባው? ማን ነው የሚናገረው? እትዬ ሶልያና ወንድ ነው የሚጀምረው አሉ። ጋሽ ኪሩቤል ደግሞ ለሴት ልጅ ሴት ትንገራት እንጂ እኔ ምን በወጣኝ አሉ። ነጠላ ያለው ማነው ሲባል ሁለቱ ሴቶች ብቻ ሆኑ። ጋሽ ኪሩቤል ጋቢ አላቸው። ጋቢ ይዘቀዘቃል አይዘቀዘቅም በሚለው ላይ ብዙ ተከራከሩ። ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ማጠቢያ አጠገብ ቆመው ሐዘን ሲለማመዱ ላየ ሰው ያሳዝናል፣ ያስቃልም።

«እኔ ስኳር በውሃ በጥብጬ እይዛለሁ» አሉ እትዬ ሶልያና በመጨረሻ። «ሆዷ ባዶ ነው የሚሆነው። ሌላውን እዚያው ስንደርስ እግዜር ያመላክተናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሐሙስ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ገና ሊገረጣ ሲል ሦስቱም የሴቶች መኝታ ቤት በር ላይ ተገናኙ። ሩሐማ ማዳመጫዋን አድርጋዋለች፤ ሳታደርግ መኝታ ቤት ብትገባ ወዲያው ይታወቅባታልና። አለኝታ «ዛሬ ማልደሽ ተነሳሽ፤ እንቅልፍሽ አጭር ነበር» አላት። ጋሽ ኪሩቤል በሩን በእጃቸው ገፉት። በረጅሙ ክፍል ውስጥ አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በየብርድ ልብሱ ላይ የአምባሮቹ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ይታያሉ። የትርንጎ አልጋ ጥግ ላይ የመጨረሻው ነው።

ጥቂት እርምጃ እንደገቡ በበሩ አጠገብ የተኛችው ልጅ ነቃች። አየቻቸው። ነጠላቸውን አየች። አልጮኸችም፣ ምን ሆናችሁም አላለችም። ቀስ ብላ ተነስታ ቀጥ አለችና በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆመች።

ቀጥላ ያለችውም ተነሳች። ከዚያ በወዲያ በኩል ያለችው። አንዷ ሌላዋን ሳትቀሰቅስ፣ ልጆቹ እንደ ተጠሩ ሁሉ ከየአልጋቸው ወረዱና ቆሙ። ሁሉም ዓይናቸው ሦስቱ ሰዎች ላይ ነው።

ሩሐማ ያኔ ገባት። ይህን ገና ሰኞ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ማቆያ እንዳለ ልጆቹ በሹክሹክታ ያውቁታል፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሁሉም ማታ ማታ ይደወልላቸዋል። እነዚህ ልጆች አሁን የሚጠብቁት ሽማግሌዎቹ የማን አልጋ አጠገብ እንደሚቆሙ ነው። አንድ ልጅ ብቻ አስባ የመጣችው ሩሐማ የሃያ ልጆች በር ነበር ያንኳኳችው። መመለስ ፈለገች፤ ግን በዚህ ሁሉ ዓይን መካከል መመለስ ደግሞ የባሰ ነው።

«ልጆቹ ነቅተዋል» አለ አለኝታ። «የልብ ምታቸው ከፍ ብሏል። ሁሉ ደህና ነው በያቸው።»

በመካከላቸው አለፈች። የምታልፋት እያንዳንዷ ልጅ ትንፋሿን ትይዝና፣ ካለፈቻት በኋላም አትለቀውም። አንዷ ስታልፋት ዓይኗን ጨፈነች። አምባሮቹ አንድ ባንድ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ዞሩ። ከጥጉ አልጋ አጠገብ ስትደርስ ትርንጎ ቆማ አገኘቻት። ፎጣዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋለች።

«እኔን ነው አይደል?» አለች።

ጋሽ ኪሩቤል ጋቢያቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ሩሐማ የልጅቷን ሁለት ክንድ ያዘች።

«አዎ፣ ልጄ። አባትሽ አርፏል።»

«መቼ?»

«ወር አልፎታል። ተቀብሯል። ቅዳሜ አርባው ነው፤ ትደርሺለታለሽ።»

ትርንጎ አንድ ጊዜ እንደ ማሰብ አለች። ከዚያ ወደ መሬት አዘመመች። እትዬ ሶልያና ብርጭቆውን ጥለው ያዟት። ልጅቷ የጮኸችው ጩኸት ያ ሕንፃ ከተሠራ ጀምሮ ሰምቶት የማያውቅ ነበር። «ዋናው ጤና ነው አለኝ! ዋናው ጤና ነው አለኝ እኮ!» እያለች ደረቷን መታች። ሩሐማም አብራት አለቀሰች። ካለቀሰች ስንት ጊዜዋ! ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ ለአንድ ልጅ የሚጠቅም ነገር እንዳደረገች ተሰማት፣ ይህንንም ስታስብ ልቧ ደማ።

«በረጅሙ እንድትተነፍስ ንገሪያት» አለ አለኝታ። ማዳመጫዋን አውጥታ መሬት ላይ ጣለችው።

በዚህ መሃል ከኋላቸው ሌላ ድምፅ ተሰማ። አንዷ ልጅ አምባሯን ነክታ አባቷ ጋ ደውላለች። ብዙ ጠራ። ሳያነሳ ሊቀር ሲል በሻከረ የእንቅልፍ ድምፅ «ምን ሆነሽ ነው በዚህ ሰዓት? አብደሻል? ሰው አይተኛም?» የሚል ቁጣ ከአምባሩ ወጣ። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተወርውራ እየሳቀች አለቀሰች። «ሰደበኝ! ሰደበኝ!» ትላለች። ጓደኞቿ ዞረው በቅናት አዩዋት።

ያኔ ሁሉም መደወል ጀመሩ። ክፍሉ በጥሪ ተሞላ። አንዳንዱ ጥሪ ሳይነሳ ቀረ። አንዲት እናት ማዛጋቷ ለሁሉም ተሰማ፤ ልጇ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሁለቱ ግን በመጀመሪያው ጥሪ፣ እንቅልፍ በሌለበት ድምፅ ተነሱ። እነዚያን ጥሪዎች የደወሉት ልጆች አምባሩን ከራሳቸው አርቀው ይዘው፣ እንደሚናደፍ ነገር እያዩት ቆሙ።

አንድ እጅ የሩሐማን ነጠላ ሳበ። ደብሪቱ ናት። ያች በክፍል ውስጥ ጥያቄ የማያልቅባት፣ የምትስቀው ልጅ። አሁን ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አምባሯን ወደ ሩሐማ ጆሮ አስጠጋችው።

«ወዬ፣ የኔ ቆንጆ» ይላል ከውስጥ የሴት ድምፅ፣ የነቃ፣ የለሰለሰ። «ደህና አደርሽ? በሌሊት ምነው? ሕልም አየሽ እንዴ? አይዞሽ የኔ እመቤት።»

«በመጀመሪያው ጥሪ ነው ያነሳችው» አለች ደብሪቱ። «ግን ቲቸር፣ እናቴ ለጸሎት በሌሊት ትነሳለች። ደግሞ እሷ ድሮም እንዲህ ናት። ተቆጥታኝ አታውቅም። አንድም ቀን።» ድምፏ ተሰበረ። «ታዲያ እኔ በምን አውቃለሁ?»

አሁን ሩሐማን የሚያቀብላት አልነበረም። ደብሪቱ በእሷ ሥር አይደለችም፤ እናቷ በሕይወት ትኑር አትኑር ሩሐማ በእውነት አታውቅም። ጋሽ ኪሩቤልን አየች፣ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ። ልጅቷን አቅፋ ወደ ደረቷ ሳበቻት፤ በሁለቱ መካከል አምባሩ ሳይዘጋ ተጣበቀ።

«ማን አለ አጠገብሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አለች ሴትዮዋ። «ሰው እያለቀሰ ይሰማኛል። ቲቸር ናት? ሰላም በይልኝ።»

ደብሪቱ ቀና ብላ ሩሐማን አየቻት።

«ሰላም ትልዎታለች» አለች።